39 ክፍል በአንዲት ክፍል ውስጥ

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ሆድ እያዘነ ጥርስ ይስቃል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድለትም ይገለጣል። ሳቅን የሚፈጥር ሥራ በኪነ ጥበብ አዳራሽ ውስጥ ዘወትር ከበሩ አጠገብ እንዲቀመጥ የተደረገው ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል። አሳዛኙ ድራማ የክብር ወንበር ይሰጠዋል፤ ተመልካቹም ዕንባውን ጠርጎ ሲወጣ አንድ ቁም ነገር የጨበጠ ይመስለዋል። አስቂኙ ግን ከተሳቀበት በኋላ እንደ ባዶ ስኒ የሚነሣ ተደርጎ ይቆጠራል። በተለይም በቴሌቪዥን፣ በየሳምንቱ፣ በመኪናና በሳሙና ማስታወቂያ መካከል የሚቀርብ ከሆነ ንቀቱ ይብሳል። ሆኖም ይህን ፍርድ የሚያፈርሱ ሥራዎች አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ከነዚህም አንዱ በአሜሪካ ለአንድ የቴሌቪዥን ዘመን ብቻ ታይቶ ያበቃው፣ ነገር ግን ወዳጆቹ ሰባ ዓመት ሊረሱት ያልቻሉት «ዘ ሃኒሙነርስ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ነው።

ስሙ በአማርኛ «የጫጉላ ሙሽሮች» ቢባል ያስኬዳል። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው፤ ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋልና ጫጉላው ከፈረሰ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1955 በሲ.ቢ.ኤስ. የቴሌቪዥን ጣቢያ ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያው ክፍል ታየ። መስከረም 22 ቀን 1956 የመጨረሻው ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ የቀረቡት ክፍሎች 39 ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከነማስታወቂያቸው ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ። ዛሬ የሥራው ወዳጆች «ክላሲክ 39» እያሉ የሚጠሯቸው እነዚህን ነው። ሁሉም ተደምረው ከአንድ ቀን ሌሊትና መዓልት ያነሱ ናቸው። ከአንድ ቀን የሚያንስ ሳቅ ከአንድ ትውልድ የበለጠ ዕድሜ ሊያገኝ የቻለው ስለ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ቤቱን መመልከት ያስፈልጋል። ትርኢቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ በአንድ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ክፍል ነው። በክፍሏ መካከል ገበታና ወንበሮች፣ በአንድ በኩል ያረጀ ቁም ሣጥን፣ በሌላው በኩል የዕቃ ማጠቢያ፣ የጋዝ ምድጃና በረዶ እየተጨመረበት ምግብ የሚያቀዘቅዝ ሣጥን አለ። ሌላ የረባ ነገር የለም። አባወራው ራልፍ ክራምደን የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የሳምንት ደመወዙ 62 ዶላር መሆኑ በትርኢቱ ውስጥ ይነገራል። ከላይ ፎቅ የሚኖረው ወዳጁ ኤድ ኖርተን ከመንገድ በታች በፍሳሽ ቦይ ውስጥ የሚሠራ ላብ አደር ነው። አንዱ በከተማይቱ ላይ ሰው ያመላልሳል፤ ሌላው ከከተማይቱ ሥር ቆሻሻዋን ይጠርጋል።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያሳይ የነበረው ቤተሰብ በአመዛኙ ሌላ ነበር። በ1954 የተጀመረውን «ፋዘር ኖውስ ቤስት»ን መውሰድ ይቻላል። አባት የኢንሹራንስ ሰው ነው፤ ቤቱ ሰፊና ንጹሕ፣ ልጆቹ የተቀጡ፣ ችግሩም ከራት በፊት የሚፈታ ነው። የቴሌቪዥን መቀበያ ለመሸጥም ሆነ በቴሌቪዥን አዲስ ምድጃ ለመሸጥ እንዲህ ያለው ቤት ይመቻል። የክራምደን ቤት ግን ለሻጭ የማይመች ቤት ነበር። ከሣሎን ይልቅ ወጥ ቤት፣ ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ያረጀ ዕቃ የሚታይበት፣ ባለቤቱም ሊገዛው የሚመኘውን ሁሉ የማይገዛበት ቤት ነበር። የትርኢቱ ወጪ ይሸፈን የነበረው በቡዊክ አውቶሞቢል አምራች መሆኑን ስናስብ ነገሩ የበለጠ ይደንቃል፤ ራልፍ ክራምደን መሪ የሚጨብጠው ደመወዝ በሚከፈልበት አውቶቡስ ላይ ነውና።

ይህች ክፍል በሰዓሊ ምናብ የተፈጠረች አልነበረችም። ራልፍን የተጫወተው ጃኪ ግሊሰን በ1916 በብሩክሊን ተወለደ። ወንድሙ በልጅነቱ ሞተ። አባቱ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር፤ በ1925 መጨረሻ አንድ ቀን ከቤት እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። እናቱ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተቀጥራ ልጇን አሳደገች፤ እሱ 19 ዓመት ሲሞላው እሷም ሞተች። ግሊሰን ዝናና ሀብት ካገኘ በኋላ ለራልፍና ለሚስቱ ቤት ሲፈልግላቸው የሰጣቸው አድራሻ ራሱ በልጅነቱ የኖረበትን የቾንሲ ጎዳና 328 ቁጥር ነበር። እንግዲህ ያች ባዶ ክፍል ትዝታ ናት። የተራቆተችው ተመልካቹ በድህነት እንዲስቅ ሳይሆን ሠሪው ውሸት ሊጨምርባት ስላልፈቀደ ነው። የሥራው የመጀመሪያ ምሥጢር ይህ ይመስላል።

ሁለተኛው ምሥጢር በሳቁ ምንጭ ላይ ነው። ራልፍ ክራምደን የሚያስቀው ድሃ ስለ ሆነ አይደለም፤ ድህነቱን ጊዜያዊ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። በየሳምንቱ አንድ መላ ይመጣለታል። ነገ ባለጠጋ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከነበረበት ይገኛል። በአንዱ ክፍል ከኖርተን ጋር ሆኖ ብዙ ዓይነት ሥራ ይሠራል የተባለ የወጥ ቤት መሣሪያ በብዛት ይገዛና በቴሌቪዥን ቀርቦ ሊሸጥ ይነሣል። በቤቱ ውስጥ ሲለማመድ አንደበቱ እንደ ወንዝ ይፈሳል። የካሜራው መብራት ሲበራ ግን ምላሱ ይተሳሰራል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻም የቆመበትን መድረክ ያፈራርሰዋል። ተመልካቹ እየሳቀ ይጨነቃል፤ ለመሣሪያው የወጣው ገንዘብ ከ62 ዶላር ላይ መሆኑን ያውቃልና።

ከሁሉም የታወቀው በጥር 1956 የታየው የጥያቄና መልስ ውድድር ታሪክ ነው። ራልፍ 99,000 ዶላር ሊያሸንፍ በሚችልበት ውድድር ላይ ስለ ታወቁ ዘፈኖች ሊጠየቅ ይመረጣል። ለአንድ ሳምንት ቤቱን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያደርገዋል፤ ፒያኖ ይከራያል፤ የዘፈን ወረቀት ይከምራል፤ ኖርተን እየተጫወተለት የየዘፈኑን ደራሲና ዘመን በቃሉ ያጠናል። ኖርተን ግን አንድ ልማድ አለው። ማንኛውንም ዘፈን ከመጀመሩ በፊት እጁን ለማፍታታት ሁልጊዜ የአንድ አሮጌ ዜማ መግቢያ ይጫወታል። ራልፍ በዚህ ይቃጠላል፤ ይጮኻል፤ ዝም እንዲል ያስጠነቅቀዋል። የውድድሩ ምሽት ይደርሳል። የመጀመሪያውና ቀላሉ ጥያቄ ይቀርባል፤ የሚሰማውም ዜማ ያ የኖርተን ማፍታቻ ነው። ዜማው የስቲቨን ፎስተር ነው። ራልፍ ግን ላብ እያጠመቀው የሚያውቀውን ብቸኛ ስም ይጠራል፤ የዜማው ደራሲ ኤድ ኖርተን ነው ይላል።

በዚህ የማይስቅ የለም። ይሁን እንጂ ሳቁ ከበረደ በኋላ የሚቀር ነገር አለ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሁሉ ደክሟል። ያልተማረው ግን በየደቂቃው በጆሮው ሥር ይሰማ የነበረውን ነው። ሩቁን ሲመለከት የቅርቡን የረገጠ ሰው ታሪክ በማንኛውም አገር የታወቀ ነው፤ ለአስተማሪም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ንግግር የሚሻል ምሳሌ ይወጣዋል።

ኖርተንን የተጫወተው አርት ካርኒ የራልፍ ተቃራኒ ሆኖ የተቀረጸ ነው። ራልፍ ዓለምን ለመያዝ ሲሮጥ ይደናቀፋል፤ ኖርተን ግን በቦዩ ሥራ ይኮራል፣ ራቱን ይበላል፣ ይተኛል። አንዲት ወረቀት ለመፈረም ሲቀመጥ እጅጌውን ይሰበስባል፤ ጣቶቹን ያወዛውዛል፤ ብዕሩን በአየር ላይ ያዞራል፤ ራልፍ እስኪፈነዳ ድረስ ሥነ ሥርዓቱን አያሳጥርም። ይህ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻውን የተዋናይ ትምህርት ነው። በ1960 የተጀመረው «ዘ ፍሊንትስቶንስ» የተባለው የካርቱን ፊልም ሁለቱን ወዳጆችና ሁለቱን ሚስቶች ወደ ድንጋይ ዘመን ወስዶ መልሶ እንደ ሠራቸው የሚያስተውል ሁሉ ያየዋል።

የቤቱ ምሰሶ ግን አሊስ ናት። ኦድሪ ሜዶውስ የተጫወተቻት ይህች ሴት ብዙ አትጮኽም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች፤ ባሏ እስኪጨርስ ትጠብቃለች፤ ከዚያም በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር የገነባውን ሁሉ ትንደዋለች። የመጀመሪያው ክፍል የሚነሣው ከእሷ ብሶት ነው፤ ባሏ ውጭ ውሎ ሲገባ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ የምታየው ምድጃውን፣ ማጠቢያውንና የበረዶ ሣጥኑን ብቻ ስለ ሆነ ቴሌቪዥን እንዲገዛላት ትጠይቃለች። ቴሌቪዥኑ ከኖርተን ጋር በመዋጮ ተገዝቶ ሲመጣ ደግሞ የሚጣሉበት ሁለቱ ወንዶች ይሆናሉ። በሌላ ክፍል ራልፍ ከሥራ ይታገዳል፤ አሊስ በጸሐፊነት ትቀጠራለች፤ ቀጣሪው ያላገባች ሴት ብቻ ስለሚፈልግ አለቃዋ ወደ ቤት በመጣ ጊዜ ራልፍ ወንድሟ ነኝ ለማለት ይገደዳል። ባል በገዛ ቤቱ የሚስቱ ወንድም ሆኖ ሲቀመጥ ተመልካቹ ይንከተከታል። ነገር ግን ያገባች ሴት ሥራ እንዳታገኝ ይደረግ የነበረው አድልዎ በዚያ ዘመን ቀልድ ሳይሆን የብዙ ሴቶች ኑሮ ነበር።

እዚህ ላይ ሥራውን የሚወድ ሁሉ ሊሸሸው የማይገባ ነገር አለ። ራልፍ በክርክር ሲሸነፍ ቡጢውን ጨብጦ ሚስቱን በአንድ ምት ወደ ጨረቃ እንደሚልካት ይዝታል። በ1955 አዳራሹ በዚህ ዛቻ ይስቅ ነበር። እርግጥ ነው፣ አንድም ጊዜ አልመታትም፤ እሷም አንድም ጊዜ አልፈራችውም፤ ታሪኩ የሚያዋርደውም ዛቹን እንጂ የተዛተባትን አይደለም። በብዙ ክፍሎች መጨረሻ ራልፍ ጥፋቱን አምኖ፣ ከእሷ የምትበልጥ እንደሌለች መስክሮ ያቅፋታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም የተነሣ ቡጢ በብዙ ቤት ሳይወርድ እንደማይቀር የሚያውቅ የዛሬ ተመልካች በዚያ ቦታ ላይ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቢቆም አይፈረድበትም። አንድ ሥራ የዘመኑን ድሃ በታማኝነት ሲያሳይ የዘመኑንም ጉድፍ ይዞ ይመጣል፤ መውደድ ማለትም ጉድፉን አለማየት አይደለም።

የዘመኑ ጉድፍ በመድረኩ ላይ ብቻ አልነበረም። የራልፍና የአሊስ ታሪክ በመጀመሪያ በጥቅምት 1951 በዱሞንት ጣቢያ በአጭር ጭውውት መልክ ሲጀመር አሊስን የተጫወተችው ፐርት ኬልተን የተባለች ተዋናይ ነበረች። በ1952 ግሊሰን ወደ ሲ.ቢ.ኤስ. ሲዛወር እሷ አልተከተለችም። ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት የልብ ሕመም ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን በማካርቲ ዘመን በኪነ ጥበብ ሰዎች ላይ የወረደው ጥቁር መዝገብ ነበር፤ በግራ ፖለቲካ የተጠረጠረ ሁሉ ሥራ ይከለከል ነበርና የእሷና የባሏ ስም ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ገባ። በ1960ዎቹ ታሪኩ ሲታደስ ተመልሳ የአሊስን እናት ተጫወተች። በመካከሉ ያለፈውን ዓመታት ግን የመለሰላት የለም። አሊስ የተባለችው ሴት በኦድሪ ሜዶውስ መልክ ስትወደድ፣ መጀመሪያ እስትንፋስ የሰጠቻትን ሴት ማስታወስ ፍትሕ ነው።

ሜዶውስም ቦታውን ያገኘችው በብልሃት ነው። ግሊሰን ሲያያት ለአሊስነት በጣም ወጣትና ቆንጆ ናት ብሎ አልተቀበላትም። እሷም በማለዳ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ያለ ምንም ኩል ቀለም፣ ያረጀ ልብስ ለብሳ ፎቶግራፍ ተነሣችና ላከችለት። ግሊሰን በፎቶግራፉ ላይ ያለችውን ሴት አላወቃትም፤ ነገር ግን የሚፈልጋት አሊስ እሷ መሆኗን ወዲያው ተናገረ።

የአሠራሩም ነገር ሊታለፍ አይገባም። በዚያ ጊዜ ብዙው የቴሌቪዥን ትርኢት በቀጥታ ይተላለፍና ያልፍ ነበር፤ ሊቀመጥ ቢፈለግ ፊልም የሚነሣው ከቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ስለ ሆነ ምስሉ ይደበዝዛል። ግሊሰን ግን ኤሌክትሮኒካም የተባለውን የዱሞንት መሣሪያ መረጠ። በዚህ መሣሪያ የቴሌቪዥን ካሜራና የ35 ሚሊ ሜትር የፊልም ካሜራ በአንድ ሌንስ ያያሉ፤ ስለዚህ ትርኢቱ እንደ ቴአትር ሳይቋረጥ ሲካሄድ ጥራት ያለው ፊልም ይቀረጻል። ቀረጻው በኒው ዮርክ አዴልፊ ቴአትር፣ አዳራሽ በሞላ ሕዝብ ፊት ይካሄድ ነበር። ግሊሰን ልምምድ አይወድም፤ ባልደረቦቹ ያለ እሱ ይለማመዱ ነበር። ቃሉ ሲጠፋበት ሆዱን መታ መታ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ሌላው ተዋናይ ይደርስለታል። ስለዚህ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ የሚታየው ጭንቀትና መቻቻል ግማሹ የገጸ ባሕርያቱ፣ ግማሹ የተዋንያኑ ነው። ሕይወት የሚሰጠውም ይህ ነው።

ይህን ያህል ጥሩ ከነበረ ለምን በአንድ ዘመን አበቃ? በአንድ በኩል በዚያው ሰዓት በኤን.ቢ.ሲ. የሚቀርበው የድምፃዊው ፔሪ ኮሞ ዝግጅት ተመልካቹን ተሻማ። በሌላው በኩል ግን ውሉ እንዲቀጥል የሚያስችል ሆኖ ሳለ ያቆመው ግሊሰን ራሱ ነው። የታሪኩ ጥራት በዚያ ፍጥነት ሊጠበቅ እንደማይችል ተናገረ፤ በየሳምንቱ አዲስ ውድቀት ሲፈለግለት ራልፍ ክራምደን ሰው መሆኑ ቀርቶ ማሽን ሊሆን ነበርና። ገበያው ቀጥል ሲል በቃኝ ማለት ለከያኒ ከባድ ነገር ነው። ብዙ ሥራ በመርዘሙ ሞቷል፤ ይህኛው በማጠሩ ዳነ።

ከዚያ በኋላ ፊልሞቹ በየጣቢያው እየተደገሙ ዞሩ። በኒው ዮርክ ደብሊው.ፒ.አይ.ኤክስ. የተባለው ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሌሊት ሌሊት አሳያቸው። ከሥራ መልስ የገባ ሰው፣ እንቅልፍ የነሣው ተማሪ፣ የሌሊት ተረኛ ሁሉ አያቸው። ቃሉን ሳይሳሳት ከተዋንያኑ ጋር አብሮ የሚል ትውልድ ተፈጠረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዳጆቹ ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ የማኅበሩም ምሕፃረ ቃል «ራልፍ» ነበር። በ1985 ግሊሰን በግል ያስቀመጣቸው የቀድሞ የቀጥታ ስርጭት ጭውውቶች መኖራቸው ሲታወቅ፣ የጠፋ ዘመድ እንደ ተገኘ ያህል ደስታ ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ድጋሚ ሲታይ ገንዘቡን ማን አገኘ? ይህ ጥያቄ ለኪነ ጥበብ ሰው እንግዳ አይደለም። ከተዋንያኑ መካከል ለ39ኙ ክፍሎች የድጋሚ ስርጭት ክፍያ ይደርሳት የነበረው ኦድሪ ሜዶውስ ብቻ ነበረች። ምክንያቱም ጠበቃ የነበረው ወንድሟ ውሏ ሲጻፍ ትርኢቱ በድጋሚ በታየ ቁጥር እንዲከፈላት የሚል አንቀጽ አስገብቶ ነበር። በጊዜው ከመጤፍ የማይቆጠር አንቀጽ ነበር። የኖርተንን ሚስት ትሪክሲን የተጫወተችው ጆይስ ራንዶልፍ ግን የአገሪቱ ሕዝብ በየሌሊቱ ፊቷን ሲያይ ከእነዚያ ክፍሎች የምታገኘው አልነበረም፤ ክፍያ የደረሳት በኋላ የተገኙት የቀድሞ ጭውውቶች ሲወጡ ነው። ስለ 62 ዶላር ደመወዝተኛ የተሠራ ሥራ በራሱ ሠራተኞች ላይ እንዲህ ያለ ታሪክ መድገሙ ያሳዝናል፤ ያስተምራልም። ሳቅም ላብ አለው፤ ላብም ውል ያስፈልገዋል።

ግሊሰን በ1987፣ ሜዶውስ በ1996፣ ካርኒ በ2003 አረፉ። ጆይስ ራንዶልፍ በጥር 2024 በ99 ዓመቷ ስታርፍ ከአራቱ የቀረ የለም። ብሩክሊን በ1988 ከአውቶቡስ ማደሪያዎቿ አንዱን በግሊሰን ስም ሰይማለች። በ2000 ደግሞ በኒው ዮርክ ትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ ፊት የነሐስ ሐውልት ቆመ። ሐውልቱ የሚያሳየው የነጂነት ልብሱን ለብሶ፣ የምሳ ሣጥኑን ይዞ የቆመውን ራልፍ ክራምደንን ነው። ከተሞች ሐውልት የሚያቆሙት ብዙውን ጊዜ ድል ላደረገ ሰው ነው። ይህ ሰው ግን በ39 ክፍል ውስጥ አንድም ጊዜ ሀብታም አልሆነም፤ ከዚያች ክፍልም አልወጣም። በአጠገቡ የሚያልፉት ነጂዎችና መንገደኞች የሚያውቁትም በዚህ ነው፤ ማታ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ፣ ጠዋትም ተነሥቶ ወደ ሥራው እንደ ሄደ።